ዋጋችሁ መሐል ሜዳ ይደርሳል?

ደብረ ብርሃን ላይ ለአቅራቢ ነጋዴዎችና ለኢንተርፕራይዝ አባላት ስለ መንግሥት ማዕቀፍ ግዥ የጨረታ ሰነድ አሞላል ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሲመለስ ብዙም አልነካካሁትም።

እንደምን አደራችሁ። በዚህ ብርድ በጠዋት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ጋቢያችሁን ማውለቅ አያስፈልግም፤ እኔም ኮቴን አላወልቅም። ይሄ አዳራሽ እስከ አምስት ሰዓት እንደማይሞቅ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ስምንት ዓመት የመንግሥት ግዥ ባለሙያ ነበርኩ። የጨረታ ገምጋሚ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ የሰው ፖስታ ስከፍት ኖርኩ። ከዚያ ወጣሁና የጽሕፈት መሣሪያና የጽዳት ዕቃ አቅራቢ ሆንኩ። አሁን ደግሞ ሌሎች የእኔን ፖስታ ይከፍታሉ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨረታዎቼ ሦስቱም ተበላሹ። ኮሚቴ እያለሁ "ሰው እንዴት እንዲህ ይዘናጋል?" ስልባቸው የነበሩትን ስህተቶች ራሴ ደገምኳቸው። ዛሬ አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ፤ እፍረቱ አልፎልኛል።

የመጣነው ስለ ማዕቀፍ ግዥ ለማውራት ነው። ተራ ጨረታ "200 ወንበር እፈልጋለሁ፣ በስንት ትሸጥልኛለህ?" ይላል። ታስረክባለህ፣ ይከፈልሃል፣ ትለያያላችሁ። ማዕቀፍ ሌላ ነገር ነው። "በሚቀጥለው ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ወረቀት ያስፈልገኛል። መቼ እንደሆነ አላውቅም። ስንት እንደሆነም በትክክል አላውቅም። በጠራሁህ ቀን ግን በዚህ ዋጋ ትመጣለህ?" ነው የሚለው። መሥሪያ ቤቱ በየወሩ ጨረታ ከማውጣት ይገላገላል። አንተ ደግሞ በስምምነቱ ዘመን ሁሉ ደንበኛ አለህ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሰነዱ ላይ የተጻፈው ብዛት ግምት ነው። 5,000 ደስጣ ተብሎ ተጽፎ 900 ደስጣ ብቻ የታዘዘበትን ዓመት አይቻለሁ። አቅራቢው 5,000ውን አስቦ በብድር ዕቃ አከማችቶ ነበር። ሰውየው ዛሬም ወረቀት ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። ውሉ ሌላ ነገር ካላለ በስተቀር ገዢው የተገመተውን ሁሉ የማዘዝ ግዴታ የለበትም። ሲያዝህ ማቅረብ ግን ያንተ ግዴታ ነው። የሚጠራው እሱ፣ የምትመጣው አንተ።

ስለዚህ የማዕቀፍ ሰነድ ስንጽፍ ጥያቄው "እንዴት ላሸንፍ?" ብቻ አይደለም። ባሸነፍኩበት ዋጋ እስከ ውሉ መጨረሻ መኖር እችላለሁ ወይ የሚለው ይቀድማል። ኮሚቴ ሆኜም ነጋዴ ሆኜም የታዘብኩት፣ ለዚህኛው ጥያቄ መልስ ያለው ሰው የሚጽፈው ሰነድ ከሩቁ ያስታውቃል።

አሁን ወደ ሰነዱ እንግባ። ሰነዱን ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት የትኛው ሕግ እንደተጠቀሰ ይሁን። ቀልድ አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ቆመህ ሁለት ዓይነት ገዢ አለ። የሰሜን ሸዋ ዞን ገንዘብ መምሪያና የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች የሚገዙት በክልሉ የግዥ ሕግ ነው። ወረዳ ላይ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ለሌሎቹ ሴክተር መሥሪያ ቤቶችም በፑል፣ ማለትም አንድ ላይ አሰባስቦ፣ ይገዛል። ዩኒቨርሲቲያችን ግን የፌዴራል ተቋም ስለሆነ በፌዴራሉ ሕግ ነው የሚሠራው። የፌዴራሉ አዋጅ ደግሞ ተቀይሯል። ለዓመታት የሠራንበት የ2001ዱ አዋጅ ቁጥር 649 ቀርቶ በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1333 ወጥቷል። የድሮ መመሪያ በቃሉ ይዞ "ለጥቃቅንና አነስተኛ እንዲህ ዓይነት አስተያየት አለ፣ ለአገር ውስጥ ምርት ይሄን ያህል በመቶ አለ" እያለ የሚከራከር ሰው አይጠፋም። ሊኖር ይችላል። ግን የሚሠራው የያዝከው ሰነድ ላይ የተጻፈው ነው። ልዩ አስተያየቱን ከፈለግህ በሰነዱ ከተጠየቀው ማስረጃ ጋር ራስህ ጠይቅ። ኮሚቴ የማስታወስ ግዴታ የለበትም።

ማስታወቂያም እንደዚሁ ነው። የክልሉን በበኩር ጋዜጣ፣ የፌዴራሉን በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ስናድን ኖረናል። አሁን የፌዴራሉ ወደ ኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓቱ ገብቷል። እዚያ ካልተመዘገባችሁ ጨረታውን ብታዩትም መሳተፍ አትችሉም። ምዝገባውን ጨረታ ሲወጣ አትጀምሩት። ሰነድ መጫን፣ ኔትወርክ መጠበቅ፣ መብራት መጥፋት አለ። የመዝጊያው ሰዓት ሲደርስ ሲስተሙ ራሱ ይዘጋል፤ "ደጅ ላይ ነኝ፣ አንድ ደቂቃ" የሚባልለት ጸሐፊ የለም።

ኮሚቴ ፖስታ ሲከፍት ምን ያደርጋል? ዋጋ የሚያይ ይመስላችኋል። ዋጋው በመክፈቻው ቀን ይነበባል እንጂ ኮሚቴው ያኔ አያወዳድርም። በማግስቱ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚያየው የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ፣ የጨረታ ማስከበሪያ፣ የተፈረመ ቅጽ፣ ማህተም ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። እኔ ራሴ ሦስት ወንበር ላይ የሚደርስ የፖስታ ክምር አይቼ፣ ቅድመ ማጣሪያው ሲያልቅ ክምሩ አንድ እቅፍ ብቻ ሲሆን አይቻለሁ። የተጣሉት ውስጥ ከአሸናፊው ያነሰ ዋጋ የሰጡ ነበሩ።

የመጀመሪያው ሽንፈቴ እዚህ ላይ ነው። ለጨረታ ማስከበሪያው የባንክ ዋስትና ነበር ያሠራሁት። ሰነዱ ዋስትናው ከጨረታው ፀንቶ መቆያ ጊዜ በላይ ለተወሰኑ ቀናት መቆየት አለበት ይላል። ባንክ ቤት ያለው ልጅ ፈጣን ነበር፤ ደብዳቤውን በግማሽ ሰዓት ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ቡና ጋበዝኩት። ቀኑን ቁጭ ብዬ ስቆጥር ግን ፖስታው ገብቶ ነበር። በ11 ቀን አጥሯል። ወደቅሁ። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካላንደር አውጥቼ በጣቴ ነው የምቆጥረው። ሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ፣ ከሆነ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ገንዘቡ ግን ይታሰራል። ዋስትና ካሠራችሁ "ቅድመ ሁኔታ የሌለው" የሚለው ቃል መኖሩን እዩ። ቅድመ ሁኔታ ያለበትን ደብዳቤ ኮሚቴ አይቀበልም።

ሁለተኛው የባሰ ነው። በጣም የሚያምር ሰነድ ነበር፤ ጠርዤ፣ ማውጫ አበጅቼ። የዋጋ ማቅረቢያ ቅጹን ግን መፈረም ረሳሁ። ሁሉም ገጽ ላይ ፓራፍ፣ ማለትም አጭሩ ፊርማዬ፣ አለ፣ ማህተሜ አለ፣ ቲተሬ አለ። ፊርማ በሚለው መስመር ላይ ብቻ የለም። የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ነበር ፖስታውን የከፈተው። ቀና ብሎ አየኝ፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ ወደ ቀጣዩ አለፈ። ልክ ነው ያደረገው። እኔም ብሆን የማደርገው እንደዚያ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፖስታው ከመታሸጉ በፊት ሰነዱን ያላዘጋጀው ሰው ያንብበው። ሚስት፣ ወንድም፣ የጎረቤት ተማሪ፣ ማንም ይሁን። የሰነዱን መስፈርት አንድ በአንድ ይጥራ፣ እናንተ ገጹን አሳዩት። "አለ አለ" ማለት አይበቃም፤ ጣታችሁን አስቀምጡበት። እኔ ቤት ይህን የምትሠራው ልጄ ናት። አሥረኛ ክፍል ነች። ከብዙ ኮሚቴ ትሻላለች።

አሁን ቴክኒኩ። ሰነዱ "ወረቀት፣ ኤ4፣ 80 ግራም፣ ነጭ" ይላል እንበል። ብዙዎቻችን አጠገቡ "ጥራቱን የጠበቀ ወረቀት እናቀርባለን" ብለን እንጽፋለን። ይሄ ለኮሚቴው ምንም አይነግረውም። "በሚፈለገው መሠረት" የሚለውም እንደዚያው ነው። የሚያስፈልገው የምታቀርበው ወረቀት ማርኩ፣ የተሠራበት አገር፣ ግራሙ፣ በደስጣ ውስጥ ያለው የቅጠል ብዛት ነው። ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጠው ሰው በግራ የራሱን ዝርዝር፣ በቀኝ የአንተን ይዞ ቃል በቃል ነው የሚያስተያየው። የአንተን ደግነት አያውቅም። ሱቅህ ውስጥ ገብቶ ሻይ አልጠጣም። የሚያውቅህ በወረቀቱ ብቻ ነው።

ናሙና ሲጠየቅም የምታቀርቡትን ዕቃ ራሱን ስጡ። ምርጡን ናሙና ሰጥቶ ሌላ ማቅረብ በተራ ጨረታ አንድ ቀን ያሳፍራል። በማዕቀፍ ግን ናሙናው መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ እስከ ውሉ መጨረሻ ይጠብቅሃል። እያንዳንዱ ማስረከቢያ ላይ አውጥተው ያስተያዩሃል።

የማቅረቢያ ዕቅድ ሲጠየቅ "በተባለው ጊዜ እናደርሳለን" አትበሉ። ትዕዛዝ በስልክ ነው በደብዳቤ የምትቀበሉት? ማን ይቀበላል? ዕቃው የት ተከማችቷል? መኪናው የማን ነው? ለቅርብ ወረዳ ስንት ቀን፣ ለሩቅ ስንት ቀን? ግማሽ ገጽ ይበቃል። ግማሽ ገጹን ለመጻፍ ግን ካርታውን ማሰብ ግድ ይላል። ካርታውን ስታስቡ ደግሞ ዋጋችሁ ይለወጣል።

ወደ ዋጋው መጣን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሦስተኛው ጉዴም እዚሁ ነው።

ሰነዱ የወረቀቱን መለኪያ "ካርቶን" ብሎ ነበር። እኔ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምሸጠው በደስጣ ነው፤ አንድ ካርቶን ደግሞ አምስት ደስጣ ነው። እጄ ለምዶ የደስጣ ዋጋ ጻፍኩ። 1,300 መሆን ያለበት ቦታ 260 ገባ። በመክፈቻው ቀን ዋጋ ሲነበብ አዳራሹ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ የማን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ስሜ ሲጠራ ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። አንደኛ ወጣሁ! በነጠላ ዋጋና በጠቅላላ ዋጋ መካከል ልዩነት ሲኖር በሰነዱ መሠረት የሚጸናው ነጠላው ነው። በአሃዝና በፊደል መካከል ልዩነት ካለ ደግሞ በፊደል የተጻፈው። የእኔ ግን ሁሉም እርስ በርሱ ይስማማል፤ በሙሉ ስህተት ነው። ውል ብፈርም ሱቄ ይዘጋል። አልፈርምም አልኩ፣ የጨረታ ማስከበሪያዬ ተወረሰ። ዛሬ የመለኪያውን ዓምድ በቀይ እስክሪብቶ ሳላከብብ ዋጋ አልጽፍም።

ይሄ የመዘናጋት ስህተት ነው። የሚያከስረው ግን ተጠንቅቀው የሚሠሩት ስህተት ነው። እንዲህ እንበል። መርካቶ በ100 ብር የምትገዙት ዕቃ አለ። በ112 ብሰጥ 12 ብር አተርፋለሁ ትላላችሁ። በቃ? ደብረ ብርሃን ለማድረስ 3 ብር። ወደ ወረዳ ለማድረስ በአማካይ 6። ጫኝና አውራጅ 1። የተሰበረ፣ የፈሰሰ፣ የተመለሰ 1። የዋስትናና የባንክ ወጪ 2። ክፍያው ወራት ሲዘገይ ገንዘባችሁ ታስሮ የሚያሳጣችሁ 5። 118 ደረሰ። በ112 ስትሸጡ በእያንዳንዱ ላይ 6 ብር ከኪሳችሁ እየጨመራችሁ ነው። ቫት ደግሞ ከዚህ ውጭ ነው፤ ዋጋው ቫትን ይጨምር አይጨምር ሰነዱ የሚለውን አንብቡ።

አሁን ያ "በአማካይ 6 ብር" ያልኩት ውሸት ነው። ሰሜን ሸዋ አማካይ የለውም። ሸዋ ሮቢት ልትሄድ ጣርማ በር ላይ ዋሻውን አልፈህ ደብረ ሲናን ይዘህ ቁልቁል ትወርዳለህ። ጋቢ ለብሰህ ተነስተህ ሸሚዝህን አውልቀህ ትደርሳለህ። በረኪና ይዘህ ከሆነ ሙቀት ላይ ብዙ አታስቀምጠው፤ ኃይሉ ይቀንሳል። መሐል ሜዳ ለመሄድ ደግሞ ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ ትታጠፋለህ፣ ሞላሌን ታልፋለህ፣ በክረምት ከሆነ ደግሞ ፈጣሪህን ታመሰግናለህ። ዓለም ከተማ ከሆነ የጀማ ሸለቆ አለ። እነዋሪና ጫጫ ደግሞ ቀላል ናቸው። ሰነዱ ማድረሻውን "የዞኑ መጋዘን" ካለ አንድ ዋጋ ነው። "በየወረዳው" ካለ ሌላ ዋጋ ነው። ምንም ካላለ በጽሑፍ ጠይቁ። የማብራሪያ ጥያቄ የሚቀርብበት ቀን ገደብ አለው፤ መልሱ ደግሞ ለሁሉም ተጫራች ይላካል። "ጥያቄ ካበዛሁ ይጠምዱኛል" የሚል ፍርሃት አለ። ስምንት ዓመት ኮሚቴ ሆኜ በጥያቄው ምክንያት የተጠመደ አላየሁም። ባለመጠየቁ የከሰረ ግን ብዙ ነው።

ከዚያ ጊዜው አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.ን የምትረሱት አይመስለኝም። የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን የተባለበት ቀን ነው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዚያ ሰሞን ቶነርና ጎማ በማዕቀፍ የያዘ ሰው ምን ዓይነት ክረምት እንዳሳለፈ አስቡ። ሰኔና ሰኞ ማለት እንዲህ ነው። ስለዚህ የውሉን ልዩ ሁኔታዎች የሚለውን ክፍል ሳታነቡ ዋጋ አትሙሉ። የዋጋ ማስተካከያ ይፈቀዳል? ከስንት ወር በኋላ? በምን ማስረጃ? አይፈቀድም የሚል ከሆነ የዋጋ ጭማሪውን ዛሬ ራስህ ገምተህ ታስገባለህ ወይም ያን ሎት፣ ማለትም ያን የጨረታ ምድብ፣ ትተዋለህ። ሁሉም ሎት ላይ መወዳደር ግዴታ አይደለም። እኔ ኤሌክትሮኒክስ ከነካሁ ቆየሁ። ወረቀት፣ ሳሙና፣ መጥረጊያ ይበቃኛል።

ካሸነፋችሁ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። የውል ማስከበሪያ ይጠየቃል፤ የተለመደው 10 በመቶ ነው። የተደራጃችሁ ኢንተርፕራይዞች ካደራጃችሁ አካል የዋስትና ደብዳቤ ማምጣት የምትችሉበት አሠራር አለ፤ ይሠራ እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ስታስረክቡ ሞዴል 19፣ ማለትም የዕቃ ገቢ ደረሰኙ፣ ሳይቆረጥላችሁ ከመጋዘን አትውጡ። "ነገ ና፣ ንብረት ክፍሏ የለችም" ከተባላችሁ ተቀመጡ፣ ጠብቁ። ያለ ሞዴል 19 ዕቃው አልገባም፣ ዕቃው ካልገባ ክፍያ የለም። ሰኔ ላይ ደግሞ በጀት ሊዘጋ ሲል ሁሉም መሥሪያ ቤት በአንድ ሳምንት ያዛል። ግንቦት ላይ መጋዘናችሁ ባዶ ከሆነ ሰኔ ላይ ቅጣት ትከፍላላችሁ። በፌዴራሉ መደበኛ ሰነድ ሲሠራበት የቆየው የመዘግየት ቅጣት በቀን ከሺህ አንድ ነው፤ እየተጠራቀመ እስከ 10 በመቶ ይደርሳል። ትርፋችሁ ስንት ነበር?

ጥያቄዎች ነበሩ፤ የማስታውሳቸውን ላስፍር።

ፈሳሽ ሳሙና የሚያመርቱ ሴቶች አሉን። አንዷ "እኛ ትንሽ ነን፣ የዞኑን ሁሉ እንዴት እንችላለን?" አለች። እህቴ፣ ሰነዱ በሎት ከተከፈለ የምትችሉትን ሎት ብቻ ውሰዱ። ካልተከፈለና በሽርክና መወዳደር ከተፈቀደ ከሌላ ማኅበር ጋር ግቡ። ስምምነታችሁ ግን ተጽፎ፣ ማን ምን እንደሚያቀርብና ማን እንደሚፈርም ተለይቶ አብሮ ይግባ። "ተነጋግረናል" አይሠራም።

አንድ ወጣት ፊት ለፊት ጠየቀኝ። "ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን ያለ ትውውቅ ሰው ይሸነፋል እንጂ ያሸንፋል ወይ?" ሰው ሳቀ። አልዋሸሁትም። እጅ መንሻ የሚፈልግ ሰው አለ። አብረውኝ ከሠሩት መካከልም ነበር። ግን ሰነድህ ቀዳዳ ካለው እጅ መንሻ የፈለገው ሰው ምክንያቱን ያገኛል፤ መቀበልም መጣልም ለእሱ ቀላል ነው። ሰነድህ ሙሉ ከሆነ ሊጥልህ ምክንያት መፍጠርና መጻፍ አለበት። ያኔ የወደቅህበትን ምክንያት በጽሑፍ ጠይቅ፣ ቅሬታህን ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አስገባ። ጊዜው በቀናት የሚቆጠር ነው፤ ለቅሶ ቤት ደርሼ እመለሳለሁ ብትል ያልፍሃል። እኔ ሁለት ጊዜ አቤት ብያለሁ። አንዱን ረታሁ፣ አንዱን ተረታሁ።

የመጨረሻው ከመንዝ የመጡ አንድ አባት ናቸው። "ልጄ፣ መንገድ ቢዘጋስ?" አሉ። ጋሼ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት የሚባል አንቀጽ ውሉ ውስጥ አለ። ግን በራሱ አይሠራም። መንገዱ በተዘጋበት ቀን ደብዳቤ ይጻፉ፤ የትኛው ትዕዛዝ እንደሆነ፣ ዕቃው የት እንደቆመ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይግለጹ። መንገዱ እስኪከፈት አይጠብቁ። ደብዳቤውን በሹፌር አይላኩት፣ በስልክ ነግሬያለሁም አይበሉ። መዝገብ ቤት ያስገቡት፣ ቁጥር ይቀበሉ፣ የእርስዎ ኮፒ ላይ ማህተም ያስመቱ።

"እሺ፣ መዝገብ ቤቷ ባትኖርስ?" አሉኝ።

እስክትመጣ ይቀመጡ ጋሼ። ጋቢዎን ይዘው ይሂዱ።